ማስተካከያ፦ ስለ ራፕና ካንትሪ ግጥሞች የወጣውን መረጃ ይመለከታል

የራፕና የካንትሪ ሙዚቃ በአሜሪካ አድማጮች ዘንድ ስላላቸው ገጽታ ቀደም ሲል በወጣው ጽሑፍ፣ የራፕ ግጥሞች ከካንትሪ ግጥሞች ይልቅ ዓመፅ የሚበዛባቸው መሆኑን ጥናት እንዳረጋገጠ ተገልጾ ነበር። አገላለጹ ትክክል ባለመሆኑ በሚከተለው ተተክቷል።

ጥናቱ የሁለቱን ስልቶች ግጥሞች አላወዳደረም። ተመራማሪዋ ካሪ ፍሪድ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት በዚሁ ሥራ፣ ኪንግስተን ትሪዮ የተባለው የፎክ ቡድን ከተጫወተው፣ ሕግ አስከባሪን ተኩሶ ስለ ገደለ ሰው ከሚተርክ ዘፈን የተወሰዱ ስንኞችን ለተሳታፊዎች ያቀረቡ ሲሆን፣ ለአንዳንዶቹ ራፕ፣ ለሌሎቹ ደግሞ ካንትሪ እንደሆነ ተነግሯቸዋል። ስንኙ ያው ሆኖ ሳለ፣ ራፕ ነው የተባሉት ሰዎች ይበልጥ አደገኛና ቁጥጥር የሚያሻው አድርገው ቆጥረውታል። የተለካው እንግዲህ የአድማጩ ግምት እንጂ የግጥሙ ይዘት አይደለም፤ በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች የራፕ ግጥም በተከሳሾች ላይ በማስረጃነት የሚቀርብ በመሆኑም ልዩነቱ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም።

የግጥሙ ደራሲ ዘር በአድማጩ ግምት ላይ ያለው ተጽዕኖም በቀደመው ጽሑፍ ከሚገባው በላይ በጥቅሉ ቀርቧል። ተመራማሪዎቹ አዳም ደንባር፣ ቻሪስ ኩብሪንና ኒኮላስ ስኩሪች እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ተመሳሳይ ሙከራ ራፕ የሚለው ስያሜ ተጽዕኖ ዳግም ታይቷል፤ የግጥሙ ደራሲ ጥቁር ወይም ነጭ መሆኑ በመነገሩ ምክንያት የመጣ ልዩነት ግን አላገኙም።