እርማት፦ ጨው ዘይትን ከውሃ ጋር አያዋህድም

«የባሕር ዛፍ ዘይቱን ጨው ላይ ጠብ ጠብ አድርጋችሁ የገላ መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ ጨምሩ፤ ጨው ሲሟሟ ዘይቱም አብሮ ይሟሟል» የሚለው ምክር ስህተት ነው። ጨውስ ይሟሟል፤ ዘይቱ ግን ተመልሶ ይንሳፈፋል። ውሃው ላይ የሚያብረቀርቁት ትንንሽ ክቦች ያልተበረዘ ዘይት ናቸው፤ ገላ ላይ ሲያርፉ፣ በተለይ ብብትና ጭን መሃል፣ ያቃጥላሉ። ወተት መጨመሩም እምብዛም አይረዳም።

ይልቅ 5 ጠብታ የባሕር ዛፍ ዘይት በ1 የሾርባ ማንኪያ የሰሊጥ ዘይት በጥብጡ። እሱም መንሳፈፉ አይቀርም፤ ግን ስለተበረዘ የማቃጠል ዕድሉ በጣም ይቀንሳል። 2 ኩባያ ኤፕሰም ጨው (ለገላ መታጠቢያ የሚውል የማግኒዥየም ሰልፌት ጨው) ለብቻው ቀድሞ ይሟሟ። ዘይቱ የሚገባው ቧንቧው ከተዘጋ በኋላ ነው፤ አለዚያ መዓዛው ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል። ገንዳው ስለሚያንሸራትት ስትወጡ ጠርዙን ያዙ፣ ኋላም በሳሙና እጠቡት። ለትንንሽ ልጆች ከሆነ የባሕር ዛፍ ዘይቱ ጭራሽ ይቅር።