የቀዳነውን ቃል መቼ እንሰማዋለን?

ባለፈው ነሐሴ፣ ፍልሰታ ሊጋመስ ሲል፣ ስልኬ ድንገት ጠፍቶ አልነሳ አለ። ፒያሳ አካባቢ አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ልጁ ከፍቶ አየውና፣ «እህቴ፣ ማዘርቦርዱ ሄዷል። ውስጡ ያለውም አይወጣም» አለኝ። እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። እንባዬ መጣ። ቤት ገብቼ ሳስበው ያስደነገጠኝ እንባው ነው። በጸሎት ስለምነው ያልመጣልኝ እንባ ለ128 ጊጋባይት መጣ።

ምን ነበረበት? የሰባት ዓመት ፎቶ። በፒዲኤፍ ያወረድኳቸው መንፈሳዊ መጻሕፍት። ከቴሌግራም ያስቀመጥኳቸው ስብከቶች። ከሁሉም በላይ የፍልሰታ ትርጓሜ። ከነሐሴ 1 ጀምሮ በየአጥቢያው ውዳሴ ማርያም ይተረጎማል። እኔም አራዳ ጊዮርጊስ እየሄድኩ፣ በየዓመቱ እቀዳለሁ። ስልኩን ወደ ድምፅ ማጉያው አስጠጋና ሐሳቤ ይሄዳል። «ኋላ እሰማዋለሁ» እላለሁ። አንዱንም ደግሜ ሰምቼ አላውቅም።

አባቶቻችን ስለ ወርቅ፣ ስለ ርስት፣ ስለ ከብት አስጠንቅቀውናል። እነዚህ ይታያሉ፣ ቦታ ይይዛሉ፣ ሌባ ያስፈራቸዋል። ስልክ ውስጥ ያለ ንብረት ግን አይከብድም። ቤት አያጣብብም። ሞልቷል ሲለን ሌላ ሜሞሪ እንገዛለን። መንፈሳዊ ነገር ሲሆን ደግሞ ስስት መሆኑ ጨርሶ አይታወቀንም። መዝሙር ማከማቸት እንዴት ስስት ይባላል? ይባላል። ስላስቀመጥነው የያዝነው ይመስለናልና፣ ለመስማት የነበረን ረሃብ ይጠፋል። አንዲት ሙስሊም ጓደኛዬም በረመዳን የምታከማቻቸው ዳዕዋዎች እንዲሁ እንደሆኑባት ነግራኛለች።

የመነኮሳት አባት የሚባለው አባ እንጦንስ የወረሰውን ሀብት ሸጦ ለድሆች ሲሰጥ፣ ለእህቱ ብሎ ጥቂት አስቀርቶ ነበር። በኋላ «ለነገ አትጨነቁ» የሚለው ወንጌል ሲነበብ ሰማና ያችኑም ሰጠ። በሕይወቱ ታሪክ ውስጥ ከትልቁ ሀብት ይልቅ ያቺ ጥቂት ናት እኔን የምትነካኝ። ያስቀራት ለክፉ አልነበረም። የእኛም ፋይሎች ሁሉም ጥሩ ምክንያት አላቸው።

የቅኔ ቤት ሰዎችን ደግሞ ተመልከቱ። ሊቁ ሌሊቱን ሲያወጣ ሲያወርድ ያድርና ቅኔውን ማኅሌት ላይ አንዴ ያቀርባል። ያንኑ ቅኔ ለሌላ ቀን አይደግመውም፤ አዲስ ይቆጥራል። የሄደውን ለመልቀቅ የሚደፍረው አእምሮው ውስጥ ምንጩ ስላለ ይመስለኛል።

መቅዳት ኃጢአት ነው እያልኩ አይደለም። ጎረቤቴ ለታመሙ እናቷ ትቀዳለች፤ ማታ አልጋቸው አጠገብ ትከፍትላቸዋለች። እሱ ምግብ ነው። የሟች አባቱን ድምፅ ያስቀመጠ ሰውም አጥፋው አይባልም። ጥያቄዬ፣ ስልኩ ቢጠፋ ከቃሉ ምን ያህሉ እኛ ውስጥ ይቀራል የሚል ነው። እኔ ዘንድ የቀረ አልነበረም።

በማግስቱ ሐሙስ ነበር። ያለ ስልክ ሄድኩ። መጀመሪያ እጄን ምን እንደማደርገው ጠፋኝ። አጠገቤ ነጠላቸውን የተከናነቡ እናት ተቀምጠዋል። ትርጓሜው ሲያልቅ አብረን ወጥተን በዓድዋ መታሰቢያ በኩል እያዘገምን የሰማነውን አንድ በአንድ መለሱልኝ። ሙሴ ስላያት ዕፀ ጳጦስ፣ እሳቱ እንዴት እንደነደደባት፣ ቅጠሏ እንኳ እንዳልጠወለገ። «እማማ፣ እንዴት ያዙት?» አልኳቸው።

«እቤት ስገባ ለልጅ ልጆቼ እነግራለሁ ብዬ ነው የምሰማው» አሉኝ። «ነገ ደግሞ አንቺ ትነግሪኛለሽ፣ ልጄ።»

ዓርብ ጠዋት ከፊት ተቀመጥኩ። መንገድ ላይ ጀመርኩላቸው። መሀል ላይ ጠፋኝ። እማማ ሞሉልኝና ቀጠልኩ።