ሁለት 375 አንድ 625 አይሆንም

ኦግመንቲን ስለሚባለው አንቲባዮቲክ የተሰጡትን አስተያየቶች አየሁ። ብዙዎቻችሁ «ባለ 625 ሚሊግራሙ ኪኒን ከጠፋ ሁለት ባለ 375 ማዘዝ ነው፤ ቢበልጥ እንጂ አያንስም» ብላችኋል። ሒሳቡ ሲያዩት ልክ ይመስላል፤ እኔም ተማሪ እያለሁ ተሸውጄበታለሁ።

ችግሩ ኪኒኑ ውስጥ ያሉት ሁለት መድኃኒቶች መሆናቸው ነው። 375 ማለት 250 ሚሊግራም አሞክሳሲሊን (ባክቴሪያውን የሚገድለው) እና 125 ክላቩላኒክ አሲድ (ባክቴሪያው አሞክሳሲሊኑን እንዳያከሽፍ የሚከላከለው) ነው። 625 ላይ አሞክሳሲሊኑ 500 ይሆናል፤ ክላቩላኒኩ ግን ያው 125 ነው። እንግዲህ ሁለት 375 የዋጠ ሰው አሞክሳሲሊኑን በልኩ፣ ክላቩላኒኩን በእጥፍ ወሰደ ማለት ነው። በቀን ሦስቴ ሲሆን በቀን 375 ሚሊግራም መሆን የነበረበት ክላቩላኒክ 750 ይሆናል። መድኃኒቱ የሚያስከትለውን ተቅማጥ የሚያባብሰው እሱ ነው። ከዚህ መድኃኒት ጋር የሚነሳው የጉበት ጉዳትም በዋናነት የሚያያዘው ከክላቩላኒኩ ጋር ነው።

ለማረጋገጥ ፓኮውን ገልበጥ አድርጋችሁ እዩት፤ 500/125 ወይም 250/125 ይላል። የአሜሪካው የመድኃኒቱ መግለጫም ሁለት ባለ 250 በአንድ ባለ 500 ቦታ እንዳይተካ በግልጽ ጽፏል።

625 የግድ ከጠፋ፣ ቁጥሩን የሚገጥመው አንድ 375 ከአንድ ተራ 250 አሞክሳሲሊን ጋር ነው። እሱንም ፋርማሲስቱን አማክራችሁ።