ሰደፉን አትፋቁት

አሜሪካ ውስጥ አሮጌ ጠመንጃ የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ። ጥቂት አይደሉም። ማታ ከሥራ ሲገቡ አንዱን ከመደርደሪያ ያወርዳሉ፣ ዘይት ይቀቡታል፣ ያገላብጡታል፣ መልሰው ይሰቅሉታል። አዲስ የተገዛ ዕለት ደግሞ ለጓደኛ ማሳየት ግድ ነው። "ይኼ ምንድን ነው? የት ተሠራ? ይቺ ምልክት የማን ናት?" ይባባላሉ። ክርክሩ ሌሊቱን ሊያጋምስ ይችላል።

እውቀታቸው የሚናቅ አይደለም። ብረቱ ላይ የተመታችውን ጥፍር የማታክል ማኅተም በአጉሊ መነጽር አይተው ጠመንጃው ከፈረንሳይ ፋብሪካዎች ሴንት ኤቲየን ይሠራ ቱል ይነግሩሃል። በርሜሉ ላይ ያለው መለያ ቁጥር ሌላው ብረት ላይ ካለው ጋር ከገጠመ ዋጋው ይጨምራል። ካልገጠመ ፊታቸው ይጠቁራል።

ታዲያ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ እነዚህ ሰዎች የሚያገላብጡት የእኛን ዕቃ ሆኗል። ከኢትዮጵያ መንግሥት ግምጃ ቤት የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች በአስመጪ ተገዝተው፣ አሜሪካ ገብተው ይቸረቸራሉ። ሽማግሌዎቻችን ውጅግራ የሚሉት የፈረንሳዩ የ1874 ግራ አለ። የጣሊያን ቬተርሊና ካርካኖ አለ። ቤልጅግም አለ፤ አፄ ኃይለ ሥላሴ ቤልጅግ አገር ካለው የኤርስታል ፋብሪካ ያስመጡት፣ አናቱ ላይ ዘውድ የደፋ አንበሳ የተቀረጸበት። አንበሳዋን ያየ ሰብሳቢ ደስታውን አይችለውም። ባለ አንበሳው ከሌላው ይወደዳል።

ከሁሉም የሚገርመኝ ሬሚንግተን ነው። ኒውዮርክ ግዛት ኢሊዮን የምትባል ከተማ ውስጥ ተሠራ። የግብጹ ገዢ ከዲቭ እስማኤል ለጦሩ በብዛት ገዛው። ያ ጦር በፈረንጆች አቆጣጠር በ1875 ጉንደት ላይ፣ በ1876 ደግሞ ጉራዕ ላይ ከአፄ ዮሐንስ ጋር ገጥሞ ሲመታ ጠመንጃው በሺህ እየተቆጠረ እኛ እጅ ገባ። ጉራዕ ላይ የግብጽ ጦር የኤታማዦር ሹም የነበረው ደግሞ ሎሪንግ የሚባል አሜሪካዊ ነው፤ በአገሩ የርስ በርስ ጦርነት ለደቡቦች የተዋጋ ጄኔራል። ዛሬ ከኢትዮጵያ ተጭኖ የሚሸጠው ሬሚንግተን ጉራዕ ላይ ተተኩሶ ይሁን አይሁን የሚምል የለም። ምኒልክም በበኩላቸው ከጣሊያን ሬሚንግተን ተቀብለዋል። በየትኛውም መንገድ ይምጣ፣ ዕቃው ተወልዶ ወደ ወጣበት አገር ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ተመልሷል። ገዢው ግን የሚያውቀው ኢሊዮንን ብቻ ነው። መሀል ያለው ዘመን ለሱ ባዶ ነው።

ጠቤ እዚህ ጋ ነው። የአሜሪካ ሕግ ራሱ ያንን መሀል አይጠይቅም። ጠመንጃው በነሱ አቆጣጠር ከ1898 በኋላ የተሠራ ከሆነ አስመጪው የራሱን ስም ይመታበታል፣ የተሠራበትን አገር ይጽፍበታል። የኖረበትን አገር ጻፍ ያለው የለም። ሰብሳቢውም ፋብሪካውን፣ ዓመቱንና ቁጥሩን ካወቀ ጠመንጃውን "ለየሁት" ይላል። እኔ ደግሞ ገና ግማሹን ነው የለየኸው እላለሁ። ቀሪው ግማሽ ያለው ሰደፉ ላይ ነው።

አንድ አሜሪካዊ የሥራ ባልደረባዬ የገዛውን ግራ በስልኩ ፎቶ አሳይቶኛል። እንጨቱ አንገቱ ላይ ተሰንጥቋል። ስንጥቁ በእርጥብ ጠፍር ተጠፍሮ፣ ጠፍሩ ደርቆ እንደ ብረት ይዞታል። ከሥሩ ሦስት የናስ ምስማር። ከዚያ ወደ ኋላ፣ ትከሻ የሚያርፍበት አጠገብ፣ በካራ ጫፍ የተቆፈሩ ፊደላት። "ወልደ" የሚለው በደንብ ይነበባል፤ የቀረውን ላብና እጅ በልቶታል። ባልደረባዬ ፊደል መሆኑንም አላወቀም። የአይጥ ጥርስ መስሎት ነበር። ወልደ ማን? ወልደ ማርያም? ወልደ ጊዮርጊስ? እንጃ። ግን አንድ ሰው ነበር። ጠመንጃው የኔ ነው ብሎ ስሙን የቆፈረ ሰው።

"አሸዋ ወረቀት ገዝቻለሁ፤ አጽድቼ ቫርኒሽ እቀባዋለሁ" አለኝ። እባክህ ተው አልኩት።

ብዙዎቹ ግን የሚመክራቸው የለም። ከኢትዮጵያ የመጣ ጠመንጃ "የተጎሳቆለ" ተብሎ ይናቃል። ጠፍሩ ይቆረጣል፣ እንጨቱ ይፋቃል፣ አንዳንዱም ሰደፉ ተጥሎ በአዲስ ይቀየራል። ክፋት የለበትም፣ አለማወቅ ነው። እንዲያውም መጋዘን ውስጥ ዝገት ሲበላው ከሚኖር እነሱ ዘይት ቢቀቡት እንደሚሻል አልክድም።

አሁን ሌላ ጉድ ልንገራችሁ። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ እስከ 1898 ድረስ የተሠራ ጠመንጃ እንደ ጥንታዊ ዕቃ ይቆጠራል፤ እንደ ተራ ጠመንጃ የነጋዴ ፈቃድና ምርመራ አያስፈልገውም። አድዋ የተካሄደው በነሱ አቆጣጠር በ1896 ነው። ስለዚህ አድዋ ላይ የነበረ ጠመንጃ ሁሉ ከዚያ መስመር ወዲህ ይወድቃል። ኦሃዮ ያለ ጡረተኛ የአድዋ ዘመን ቬተርሊ በፖስታ አስመጥቶ ሳሎኑ ይሰቅላል። የአድዋ ዘማች የልጅ ልጅስ? ጎጃም ወይ ወሎ ውስጥ ቅድመ አያቱ የተወለትን ውጅግራ ቆጥ ላይ፣ ወይ ጎተራ ሥር ደብቆ ይኖራል። ፎቶ አያነሳውም። ለጎረቤት አያሳየውም። ጥይቱ ከጠፋ ዘመን አልፎታል፣ ግን ጠመንጃ ጠመንጃ ነው፤ ያለ ፈቃድ ከተገኘበት ጣጣ ነው።

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ሲወጣ ዓላማው ግልጽ ነበር። በየቀኑ በክላሽ ሰው በሚሞትበት አገር ቁጥጥር አያስፈልግም የሚል ጤነኛ የለም። "አገር በተኩስ እየተናጠች አንተ ስለ አሮጌ ጠመንጃ ታወራለህ?" የሚለኝም ይኖራል። ልክ ነው፣ ይጠይቀኝ። መልሴ ግን ክላሽና ውጅግራ አንድ ላይ አይቆጠሩም የሚል ነው። የውጅግራው አስራ አንድ ሚሊሜትር ጥይት ገበያ ላይ የለም። ውጅግራ ይዞ ኬላ የሚሰብር ሽፍታም የለም። ጥንታዊውን ከአዲሱ የሚለይ ግልጽ መስመር ተሰምሮ፣ ባለቤቱ ሳይፈራ አምጥቶ የሚያስመዘግብበት በር ቢከፈት ፖሊስም ሥራው ይቀልለታል። ለዚህ የሚሆን የቅርስ አዋጅም አለን፤ 209/1992። በዚህ አዋጅ የብራና መጽሐፍ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። ስም የተቆፈረበት የዘማች ጠመንጃ ግን በቁርጥራጭ ብረት ዓይን ይታያል።

ጊዜውም እየሄደብን ነው። ሚያዝያ 27 አደባባይ የሚወጡት አርበኞች በየዓመቱ ይመናመናሉ። ስናድሩን፣ ምንሽሩን፣ ናስማስሩን፣ አልቤኑን ከሩቅ አይተው የሚለዩት እነሱ ነበሩ። ይኼ የእገሌ ነው፣ ከእገሌ የተማረከ ነው፣ በአምስት በሬ የተለወጠ ነው ብለው የሚያወሩትም እነሱ ናቸው። አሜሪካዊው ሰብሳቢ በመጽሐፍ የሚያገኘው ፋብሪካውን ነው፤ ይኼኛው ግን የትም አልተጻፈም።

መንግሥት አሮጌ ጠመንጃ መሸጡን አልቃወምም። ግምጃ ቤት የሞላው ሁሉ ሙዚየም አይገባም፤ ብርም ያስፈልጋል። የምለው አንድ ነገር ነው። ሣጥኑ ከመታሸጉ በፊት ካሜራ የያዘ አንድ ሰውና ግዕዝ የሚያነብ አንድ የታሪክ ተማሪ ይግቡ። ሰደፉን በግራም በቀኝም ያንሱ። የተቆፈረውን ይገልብጡ፣ መለያ ቁጥሩን አጠገቡ ይጻፉ። ወጪው ከትራንስፖርቱ አይበልጥም። መዝገቡ ለሕዝብ ክፍት ከሆነ ኦሃዮ ያለው ጡረተኛም ቁጥሩን አስገብቶ የጠመንጃውን ዕድሜ ቀሪ ግማሽ ያገኛል። እመኑኝ፣ ደስ ነው የሚለው። ዋጋውም ይጨምርለታል።

ከአገር የወጣውስ? አሜሪካ ያላችሁ ኢትዮጵያውያን ሥራ አላችሁ። ጎረቤታችሁ ወይ የሥራ ባልደረባችሁ ስልኩን አውጥቶ "ይኼ የእናንተ ጽሕፈት ነው እንዴ?" ካላችሁ ቆም ብላችሁ አንብቡለት። ስም ከሆነ ስም ነው በሉት፣ ቁጥር ከሆነ አስሉለት። ፎቶውን ለራሳችሁም ላክልኝ በሉት። አሸዋ ወረቀቱንም ወደ ሱቁ መልሰው በሉት።