ፎቶው ላይ ያበጠው ሁሉ ጋዝ አይደለም

ሀብል ቴሌስኮፕ ከ2014 እስከ 2023 እ.ኤ.አ. ያነሳቸው አር አኳሪ የተባለው ጥንድ ኮከብ ፎቶዎች ተያይዘው እንደ ቪዲዮ ሲታዩ፣ «ኮከቡ እየፈነዳ ነው» ማለት ይቀናናል። የደብረ ማርቆስና የፍኖተ ሰላም የፊዚክስ መምህራን ግን ቪዲዮውን አቁመው ማስመሪያ ቢያወጡ ይሻላል።

አር አኳሪ 700 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል። ያለበት የሰማይ ክፍል አውደ ነገሥት የሚገልጡ ሰዎች ደለዊ የሚሉት ነው። በ387 ቀን ገደማ የሚደምቅና የሚደበዝዝ ቀይ ግዙፍ ኮከብና ከእሱ ጋዝ የሚስብ ነጭ ድንክ (ነዳጁን የጨረሰ ትንሽና እጅግ ጥቅጥቅ ያለ ኮከብ) ጥንድ ሆነው ይዞራሉ። በዙሪያቸው ያለውን ደመና (ኔቡላውን) የሠራው ከሁለቱ የተወረወረ ጋዝ ነው።

ሁለት ፎቶ ለማነጻጸር መጀመሪያ ማጣሪያቸው (የተወሰነ ቀለም ብርሃን ብቻ የሚያሳልፈው መስታወት) አንድ ይሁን። አንዱ በሃይድሮጅን፣ ሌላው በኦክስጅን ብርሃን ከተነሣ የቅርጹ ልዩነት የማጣሪያው ነው። (ቀለሙንማ ሰው ነው የሚመርጠው።) ፎቶዎቹን አንዱን በሌላው ላይ የምታገጥሙት በጀርባ ባሉ ኮከቦች ነው፤ መካከለኛው ኮከብ በጣም ስለሚደምቅ በፎቶው ላይ ይፈስሳል፣ ከእሱ የሚወጡት ጨረር መሰል መስመሮችም የቴሌስኮፑ ናቸው።

ከዚያ ስሌት። ርቀቱን በፓርሴክ (አንዱ 3.26 የብርሃን ዓመት ያህል ነው)፣ የዓመቱን ፈቀቅታ በአርክ ሰከንድ (የአንድ ዲግሪ 1/3600) አድርጋችሁ አባዙና ውጤቱን እንደገና በ4.74 አባዙት፤ ፍጥነቱ በኪሎ ሜትር በሰከንድ ይወጣል። 700 የብርሃን ዓመት 215 ፓርሴክ ያህል ነው። አንድ የጋዝ ቋጠሮ በ10 ዓመት 1 አርክ ሰከንድ ከሄደ ፍጥነቱ 102 ገደማ ነው። አንድ ፒክሴል 0.04 አርክ ሰከንድ በሆነበት ፎቶ ይህ 25 ፒክሴል ይሆናል፤ በአንድ ዓመት ግን 2.5 ብቻ። በስልክ የተጨመቀ ቅጂ ይህን ይውጠዋል። ይህም የጎን እንቅስቃሴው ብቻ ነው፤ ወደ እኛ የሚመጣውን የሚናገረው ስፔክትረም፣ ማለትም በቀለማቱ የተበተነው ብርሃን፣ ነው።

ትልቁ ወጥመድ ብርሃን ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. የደመቀው ቪ838 ሞኖሴሮቲስ የተባለ ሌላ ኮከብ በወራት ውስጥ ዙሪያው ሲሰፋ ታየ፤ የሰፋው ግን ቀድሞ የነበረውን አቧራ በየተራ የሚያበራው ብርሃን ነበር። የደመና ጥላ በጤፍ ማሳ ላይ ሲሮጥ አንድም አገዳ ቦታውን አይለቅም። ስለዚህ ቋጠሮው ቅርጹን ይዞ ከመሃል ከራቀ ጋዝ ሄዷል በሉ፤ ባለበት ደምቆ ጎረቤቱ ከደበዘዘ ግን መጀመሪያ መብራቱን ጠርጥሩ።