ስቶሬጁ ስንት ቪላን ውስጥ ይግባ?

የክርክሩ ጥያቄ፦ የአንድ ቢሮ የጋራ ስቶሬጅ (ሁሉም ፋይል የሚያስቀምጥበት ማሽን) ለየክፍሉ ቪላን (አንዱን ኔትወርክ ለያይቶ የሚከፋፍል አጥር) በራሱ ላይ ይዋቀርለት ወይስ በአንድ ቪላን ብቻ ይቀመጥ?

ከባሕር ዳር፦
ይዋቀርለት። ብዙ ቢሮ ስትገቡ ሒሳብ ክፍሉ፣ ካሜራው፣ የእንግዳው ዋይፋይ ሁሉም አንድ ኔትወርክ ላይ ተደበላልቆ ታገኙታላችሁ። እንግዳ በስልኩ የደመወዝ ፋይል ያለበትን ማሽን ያያል። በ2017 እ.ኤ.አ. ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ዓለምን ያመሰው በዚሁ በፋይል መጋሪያው ፖርት (የመግቢያ ቁጥር) 445 ገብቶ ነው።

ደግሞም ስቶሬጁ በየቪላኑ የራሱ አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ) ካለው፣ ካሜራው ሌት ተቀን የሚቀዳው ምስል በራውተር በኩል አይዞርም። ትንሽ ራውተር ያን ሁሉ ተሸክሞ ሲንፏቀቅ አይታችኋል። ኬብል አንድ ይበቃል። 802.1ኪው የሚባለው የቪላን ደንብ በየፍሬሙ (በየዳታ ጥቅሉ) ላይ 4 ባይት ታግ (መለያ) ጨምሮ የየትኛው ቪላን እንደሆነ ይለየዋል።

ከደብረ ማርቆስ፦
ወንድሜ፣ እንግዳው ይለይ በሚለው አንድ ነን። እሱን ግን ስዊቹ (ኬብሎቹ የሚገናኙበት ማሽን) ይሠራዋል። እርስዎ የሚሉት፣ ግቢውን አጥረን ስናበቃ በየግቢው በር ያለው አንድ ቤት እንሥራ ነው። በካሜራው በኩል ስቶሬጁን የሰበረ ሰው ሒሳብ ክፍልም ገባ ማለት ነው። የማስተዳደሪያው ገጽም ካልዘጉት ብዙ ጊዜ በሁሉም አይፒ ይከፈታል።

አሠራሩንም እንየው። ስቶሬጁ ላይ ቪላን 20 ብለው «አፕላይ» ይላሉ። የስዊቹ ፖርት (ኬብል የሚሰካበት ቀዳዳ) ገና አክሰስ (ለአንድ ቪላን ብቻ የተመደበ) ከሆነ ገጹ እዚያው ድርቅ ይላል። ፒንግ ቢያደርጉ (አለህ ወይ ብለው በኔትወርክ ቢጠይቁት) መልስ የለም። ስዊቹን ካላስተካከሉ የሚቀረው ከማሽኑ ጀርባ ያለችውን የሪሴት ቀዳዳ በስፒል መጫን ነው። ባሕር ዳር ይህን የሚያውቅ ባለሙያ አይጠፋም። ደንበጫ ላይ ያዋቀረው ልጅ ሥራ ቢቀይርስ?

ከባሕር ዳር፦
የሚደርቀው ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ነው፣ እህቴ። መጀመሪያ ስዊቹ ላይ ፖርቱን ትራንክ (ብዙ ቪላን በታግ የሚያሳልፍ) ያድርጉ፤ ቪላኖቹን ይፍቀዱ፤ ያለ ታግ የሚያልፈውን አሁን የሚሠሩበት ቪላን ላይ ይተዉት። ወደ ስቶሬጁ የሚሄዱት ከዚያ ነው። ሁለት የኔትወርክ ፖርት ካለው አንዱ ለማስተዳደሪያ ብቻ ይቆይ። ጌትዌይ (ወደ ሌላ ኔትወርክ መውጫው) በአንዱ ላይ ብቻ ይሰጥ። ገጹን ደግሞ በስቶሬጁ ፋየርዎል ከአንድ ቪላን በስተቀር ዝግት ያድርጉት።

ከደብረ ማርቆስ፦
መብራት ሲጠፋስ? በብዙ ስዊች ላይ ያዋቀሩት ሴቭ ካልተደረገ መብራት ሲመለስ የለም። ስቶሬጁ በታግ ይጣራል፤ ሰሚ የለውም። በአክሰስ ፖርት አንድ ቪላን ላይ ያስቀምጡት፣ የሚፈልገው ክፍል በራውተሩ ፈቃድ ይግባ። ካሜራው ከበዛ የራሱ መቅጃ ይገዛለት።

ከባሕር ዳር፦
በጀት ካለ መቅጃው ይሻላል፤ በዚህ አልከራከርም። በጀት በሌለበት ግን ስቶሬጁ ላይ ሁለት ቪላን ይዋቀር፣ ከዚያ አይበልጥም። ቁጥሩና ፖርቱ በወረቀት ተጽፎ የካቢኔው በር ላይ ይለጠፍ። ስዊቹም ሴቭ ሳይደረግ ማንም ከክፍሉ አይውጣ።