ባለቤት ካለ ይቅረብ

ባለፈው እሁድ ቡና ላይ ተጣላን። የተጣላነው ደግሞ ከአራት መቶ ዓመት በፊት በተዘረፈች መርከብ ነው። «ተዘረፈች» ማለቴን ሕግ አዋቂው ቢሰማ አሁንም ያርመኛል። «ተማረከች በል» ይላል።

ነገሩን ያመጣው አምስተርዳም ከርሞ የመጣ ወዳጃችን ነው። ሙዚየም ውስጥ ያነሳውን የሰሃን ፎቶ በስልኩ አሳየን። ነጭ መደብ ላይ በሰማያዊ ተስሏል፣ መሃሉ ላይ ሁለት አጋዘን ቆመዋል። እንዲህ ያለው የቻይና ዕቃ ሆላንድ ውስጥ የተወደደው ከፖርቹጋሎች መርከብ ተወስዶ በሐራጅ ከተሸጠ በኋላ ነው አለን። ቡና የምታፈላልን እትዬ ፎቶውን አየች፣ እጇ ላይ ያለውን ሲኒ አየች። (ሲኒ የሚለው ቃል ራሱ በዐረብኛ «የቻይና» ማለት ነው። እኛም ከዚያው ገበያ የደረሰን አለ።) ከዚያ «የማን ነበር?» አለች። ጠቡ እዚህ ላይ ጀመረ።

መርከቧ ሳንታ ካታሪና ትባላለች። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 25 ቀን 1603 ቻይና ዳር ካለችው ከማካው ዛሬ ማሌዥያ ውስጥ ወዳለችው ማላካ ስትሄድ፣ ዛሬ ሲንጋፖር ካለችበት አጠገብ፣ ያኮብ ቫን ሄምስከርክ የሚባል ሆላንዳዊ ካፒቴን ደረሰባት። ቀኑን ሙሉ በመድፍ ደበደባት። ግን ሸራው ሸራው ላይ ነው ያስተኮሰው። ለምን? ዕቃው እንዳይሰጥምበት! በመጨረሻ እጅ ሰጡ። ሰዎቹን በነፍሳቸው ለቀቃቸው፣ መርከቧን ከነጭነቷ ወሰደ። ሐሩና ሸክላው አምስተርዳም ላይ ሲሸጥ ወደ 3.5 ሚሊዮን ጊልደር (የሆላንድ ገንዘብ ነው) አወጣ። በ1602 የተቋቋመው የሆላንድ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ከባለአክሲዮኖቹ ሁሉ የሰበሰበው ካፒታል 6.4 ሚሊዮን ነበር። ከዚያ ግማሽ በላይ፣ ከአንዲት መርከብ!

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም» አለች እትዬ።

ሕግ አዋቂው ጉሮሮውን ጠረገ። ሁለት ዓመት ሕግ ተምሮ አቋርጧል፣ አሁን ጉዳይ አስፈጻሚ ነው። «እትዬ፣ ይሄ የአጥር ጉዳይ አይደለም። ፖርቹጋልና ስፔን ከ1580 ጀምሮ ባንድ ንጉሥ ስር ናቸው። ሆላንድ ከዚያ ንጉሥ ጋር ጦርነት ላይ ነች። የጠላት ዕቃ ምርኮ ነው። አለቀ።» «አለቀ» ማለት ይወዳል። የዕድር ስብሰባ ላይም እንዲሁ ነው፣ እሱ አለቀ ካለ በኋላ ሁለት ሰዓት እንቀመጣለን።

«ካፒቴኑ ግን ጥቃት ከደረሰበት ራሱን እንዲከላከል እንጂ መርከብ እንዲያድን አልነበረም የተላከው» አልኩት።

«ፖርቹጋሎቹ ማካው ላይ 17 የሆላንድ መርከበኞች ገድለው ነበር» አለ። እሱስ እውነት ነው፣ አልካድኩም። ግን የሞቱት መርከበኞች ቤተሰብ ከሐሩ ስንት ክንድ ደረሰው? ዝም አለ። ቡናውን ፉት አለ።

ከዚያ ዋናውን ካርዱን መዘዘ። «ፍርድ ቤት ነው የወሰነው! የአምስተርዳም የባሕር ኃይል ፍርድ ቤት ይገባኛል የሚል ካለ ይቅረብ ብሎ ጥሪ አደረገ። ማንም አልመጣም። በሴፕቴምበር 9 ቀን 1604 መርከቧም ጭነቷም የሆላንዶቹ ነው ተብሎ ተፈረደ። ከዚህ በላይ ምን ያድርጉ?»

እዚህ ላይ እኔ ሳቄ መጣ። ጭነቱ የማካውና የማላካ ነጋዴ ነው። ጥሪው የተደረገው አምስተርዳም ነው። ከማላካ አምስተርዳም በመርከብ ከግማሽ ዓመት በላይ ያስኬዳል፣ ያውም በየት መርከብ? እሷን ወስደዋታል! መጥቶስ ቢሆን ጠላት ነህ ተብሎ ይታሰር የለ?

«ባለቤቱን ካልናቁ» አለች እትዬ ጀበናውን እያስቀመጠች፣ «አጥሩን አይነቀንቁም»።

ወዳጃችን የቀረውን ጨመረልን። ከፍርዱ በኋላ ምርኮው የደረሰው ያ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ጠበቃ ፈለገ። አንዳንድ ባለአክሲዮኖች ሜኖናይት፣ ማለትም ጦርነትን የሚቃወሙ ክርስቲያኖች ነበሩ፣ በሃይማኖታቸው ደም የነካው ትርፍ አንፈልግም ብለው አኮረፉ። ሁጎ ግሮሺየስ የሚባል የ21 ዓመት ልጅ ተቀጠረና ወፍራም መከላከያ ጻፈ። ባሕር የማንም አይደለም፣ የሁሉም ነው አለ። ከጽሑፉ አንዱ ምዕራፍ «ነጻ ባሕር» ተብሎ በ1609 ያለ ስሙ ታተመ። ሕግ አዋቂው ዓይኑ በራ፤ «የዓለም አቀፍ ሕግ አባት!» አለ፣ የአጎቱ ልጅ ያህል ኮርቶ።

የሚጥመው ግን በ1613 የሆነው ነው። ግሮሺየስ ለንደን ሄደ፣ ከእንግሊዞች ጋር ሊደራደር። እንግሊዞቹ በቅመም ደሴቶቹ (ዛሬ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ናቸው) እንነግድ ሲሉ ሆላንዶቹ የለም፣ ከአገሬው ጋር ውል አለን አሉ። እንግሊዞቹ ያችኑ መጽሐፍ አውጥተው ጠቀሱለት። ባሕሩ የሁሉም የነበረው የፖርቹጋል ሳለ ነው ማለት ነው። ሆላንዶቹ ከያዙት በኋላ አጥር በቀለ።

«አየህ?» አለች እትዬ። ተረቷን ልትደግም ስትል ሕግ አዋቂው «አውቄዋለሁ፣ አጥሩን አይነቀንቁም» ብሎ ቀደማት።

ፖርቹጋሎቹም ማላካን በመድፍ ነው የያዙት፣ ቅዱሳን አይደሉም። እኔን የሚያንገበግበኝ ያቺ ጥሪ ናት። ዛሬም ጋዜጣ ግለጡ፣ «ተቃዋሚ ካለ በ30 ቀን ውስጥ ይቅረብ» የምትል አታጡም። ማን ያነባታል? ሊወስድ የፈለገው ሰውዬና ያተመው ጋዜጣ። ድሮ ሌባ አጥር ዘሎ በሌሊት ይገባ ነበር፣ ሰው ቢያየው ይሮጥ ነበር። የዘንድሮው በቀን፣ በማኅተም ይገባል፣ ሰው ሲያየው ሰላም ይላል። ሰዉም ወረቀት ካየ «እንግዲህ ሕጋዊ ነው» ብሎ ያልፋል።

አክስቴ ቤይሩት ሰው ቤት ስትሠራ፣ እየላከች ያሳጠረችው ግቢዋ ለሌላ ሰው ዞረ። ጥሪው አንድ ቢሮ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ነበር አሏት። ስትመለስ ሄደን አየነው። ዝናብ ቀለሙን አጥቦት ስሟ ብቻ ይነበባል፣ እሱም በአንድ ፊደል ተሳስቷል።

ይህን ለሕግ አዋቂው ነገርኩት። ሲኒውን ገልብጦ አስቀመጠና ትንሽ አሰበ።

«የይግባኝ ጊዜውን አሳልፋዋለች» አለኝ።